ብርቄ ከጉድጓድ ሳትወጣ

አሰላሙ አለይኩም ሳሌሃ ልጄ። እንዴት ዋልሽ? ይኼ ዝናብ ምን ነካው? በርበሬው ሜዳ ላይ ተሰጥቶ ሳለ ይመጣል? ሱቅሽስ አላፈሰሰም? ደብተሮቹ ተረፉ? አልሐምዱሊላህ።

እስቲ አንድ ክላሰር ስጪኝ። ወፍራሙን። ሠላሳ አንድ መጽሔት የሚይዝ… አዎ፣ «የጉድጓዱ እንግዳ»ን ላኖረው ነው። በርሽ ላይ የለጠፍሽውን አነበብኩ፤ «ከዚህ ወር ጀምሮ አይታተምም»። ሁለት ዓመት ተኩል ስከታተል ኖሬ፣ መሰናበቻዬ አራት ቃል።

በረንዳሽ ላይ እንግዳ አለሽ መሰለኝ። እኔ እንኳ ዓይኔ ደክሟል… ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ መድፋቱን፣ ጋዜጣውን ዘቅዝቆ መያዙን ሁሉ አላየሁም። ደግሞ የማወራው ስለ እሱ አይደለም። የማወራው ያንን አስፈሪ ታሪክ በሥዕል ይሠራልን ስለነበረው ስለ ሰፈራችን ልጅ ነው።

ምን ዓይነት እጅ ነበረው! ትዝ ይልሻል የመጀመሪያው እትም? የታሪኩ ልጅ ብርቄ ከተቀበረበት ጉድጓድ ቆጮ ልታወጣ ጓሮ ወረደች። ድንጋዮቹን አነሳች፤ ሰባት ናቸው። የእንሰቱን ቅጠል ገለጠች… ከሥር የሆነ ነገር ቅጠሉን መልሶ ሳበው። በቃ፣ ይኸው ነው! ከአሥራ ሁለቱ ሥዕል በአራቱ ላይ ከቅጠል በቀር ምንም የለም። እኔ ያንን ቅጠል ፈራሁት። የጉንችሬ ሴቶች ወደ ጉድጓዳቸው ሁለት ሁለት እየሆኑ ይሄዱ ነበር አሉ። ወንዶቹማ ጉድጓድ መክፈት የሴት ሥራ በመሆኑ አላህን አመሰገኑ።

ከዚያ ልጁ አዲስ አበባ ወዳጆች አፈራ። የተማሩ ናቸው። «ጉድጓድ ምንድን ነው? ዘምን!» አሉት። ዘመነ። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል… የእኛ ጅብ፣ የጉድጓዱ ጭራቅ ግን የሚያውቁት አገር ቁርበት ላይ ተኝቶ ሳለ ነው ክራቫት አስረውለት ሊፍት ውስጥ የከተቱት። ሃያ ሦስተኛው እትም ላይ ማለት ነው። ጭራቁ ከላይ ታች፣ ከታች ላይ! ጥርሱን ቆጠርኩት፤ አርባ አራት ነው። ለጋስ ልጅ ነው፣ ጥርስ አይሰስትም።

ቡታጅራ ውስጥ ስንት ሊፍት አለ ሳሌሃ? እኔ ቆጥሬ ጨርሻለሁ፤ ብዙም አላደከመኝ። ሊፍት ውስጥ ያለን ጭራቅ ደግሞ ማን ይፈራዋል? በደረጃ ትወጫለሽ፣ አለቀ። የሞላ የቆጮ ጉድጓድ እያለው፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር…

ብርቄስ? ብርቄማ ሃያ ሁለተኛው እትም ላይ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ፣ ድንጋዩ ተጭኖባት ቀረች። ባለቤቴ ጠይባ ፊደል አትለይም፤ እኔ ነኝ የማነብላት። በየወሩ «ብርቄ ወጣች?» ትላለች። ዘጠኝ ጊዜ ጠየቀችኝ። ዘጠኝ ጊዜ «ሊፍቱ አራተኛ ፎቅ ደርሷል» አልኳት።

አንባቢ እኮ አልከዳውም፤ ሐሜት ነው። መጀመሪያ ስልሳ ቅጂ ታስመጪ ነበር፤ በኋላ አሥራ ዘጠኝ፤ መጨረሻ ላይ አራት። አንዱን እኔ ወሰድኩ፣ አንዱን አንቺ አስቀረሽ። ሁለቱን የገዛው ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ የደፋው ሰውዬ ነው… ታማኝ ወዳጅ እንዲህ ነው፤ ራስን የሚወድ ሰው መቼም ብቻውን አይቀርም።

አታሚው «አንድ እትም ብቻ ሥራና ልጅቷን አውጣት፣ አትምልሃለሁ» ብሎት ነበር አሉ። አሥራ ስድስት ገጽ! «የቆጮ ጉድጓድ የባላገር ነገር ነው፣ አልመለስበትም» አለ። እውነቱን ነው። እናቱ ብርድ ላይ እጇ እስኪቆረፍድ ከዚያ ጉድጓድ እያወጣች ያሳደገችው ሌላ ልጅ ይሆናላ… እሱማ ሊፍት ውስጥ ነው ያደገው። እኔ ግን ሞኝ ነኝ፤ ክላሰሩ ሠላሳ ሁለተኛ የሚይዝ ከሆነ አይከፋኝም።

እንዴ፣ እንግዳሽ ተነሳ? ሻዩን ሳይጨርስ? ተዪው፣ አትጥሪው። የጀመረውን ትቶ መሄድ አዲስ አይሆንበትም። ባጃጁም ቆሞለታል።

ይልቅ እጅሽን ዘርጊ፤ ለዚያ ለሰፈራችን ልጅ ዱዓ እናድርግለት። አንጀቴን በልቶኛል።

አላህ ዕድሜና ጤና ይስጠው። እጁን ይባርክለት። ሺህ ሥዕል ይሣል፣ በየግድግዳው ይሰቀልለት። ከእንግዲህ ከቡታጅራ እስከ ጉንችሬ፣ በእሱ ምክንያት የሚደነግጥ ሕፃን፣ እንቅልፍ የሚያጣ ሽማግሌ አይኑር። ሥዕሉን ያየ ሁሉ… ወዲያው፣ በሰላም፣ ጥልቅ እንቅልፍ ይውሰደው።

አሚን በዪ፣ ልጄ። ጮክ ብለሽ በዪ፤ ባጃጁ ገና አልተንቀሳቀሰም።