የሐጃ ዘይነብ እንቁላል

በሱዳን ዋና ከተማ፣ ሐጅ ዩሱፍ በሚባል ሰፈር እየኖርኩ የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ባሌ ለሥራ ፖርት ሱዳን ሄዶ ነበር። ከወሎ የመጣ ዘመድ የሚባል በከተማው አልነበረኝም። ሕፃኗን አቅፌ ከሆስፒታል እኛ ባጃጅ በምንለው ሪክሻ ተመለስኩና ብቻዬን ጋደም አልኩ። ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቴ ሐጃ ዘይነብ ነበሩ፤ መንገድ ዳር ኦቾሎኒ እየሸጡ ብቻቸውን የሚኖሩ ሱዳናዊት ባልቴት ናቸው። "ሐምዲላ አለሰላማ"፣ እንኳን በሰላም ተገላገልሽ ብለው ግንባሬን ሳሙኝና የለበሱትን ቶብ ጫፍ ፈተው ሁለት የተቀቀለ እንቁላል አወጡ። ያለቻቸው አንዲት ዶሮ ናት፤ እንቁላሏን ሸጠው ዳቦ እንደሚገዙበት አውቃለሁ።

"ሐጃ፣ ለእርስዎ ይሁን፤ እኔ ጠግቤያለሁ" አልኳቸው።

ቅር አላቸው። "ልጄ፣ ለአራስ የሚበቃ ነገር እንደሌለኝ አውቃለሁ። ግን ዛሬ ከእኔ እጅ ካልተቀበልሽ፣ ነገ ሲቸግረኝ በምን ዓይኔ በርሽን አንኳኳለሁ?" አሉኝ።

ለሰው መስጠት እንጂ ከሰው መቀበል አልለመድኩም ነበር። እጄን ስዘረጋ እሳቸው ቀድመው ልጠው፣ ጨው ነስንሰው አጎረሱኝ። ከወለድኩ ወዲህ እህል ስቀምስ ያኔ ገና መጀመሪያዬ ነበር። እንባዬ እየወረደ በላሁ፤ እናቴ ቤት እንደታረስኩ ቆጠርኩት።

ከዚያ ወዲህ ክብሪትም ሲያልቅባቸው ሳያፍሩ ይገቡ ነበር፤ እኔም እንደዚያው። ልጄ አፏን ስትፈታም ከእኔ ቀድማ የጠራችው እሳቸውን ነው። "ሐቦባ" አለቻቸው፤ አያቴ ማለቷ ነው።