ዳልቻዋ በቅሎ በቢጫው ዳስ ሥር

ሞጣ፤ ገበያው ዳር ካለች ጠባብ ፎቶ ቤት፤ እሑድ ማለዳ፣ ቅዳሴ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው፤ ባለበቅሎዋ ወይዘሮ አንጓች አንድ የሠርግ ፎቶ ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው ፎቶ አንሺውን ሰብስቤን ይሟገቱታል።

አንጓች፦ ቀለሟን መልስልኝ ነው የምልህ። ሌላ ምንም አልጠየቅሁህም።

ሰብስቤ፦ እትዬ አንጓች፣ እኔ በቅሎዋን አልነካኋትም። ፎቶ ነው ያነሳሁ።

አንጓች፦ በፎቶው ነው የወሰድህብኝ። ስትነሳ ዳልቻ ነበረች፤ ወረቀቱ ላይ ስትወጣ ቡላ ሆነች። አመድ የመሰለች በቅሎ ሰጥቼህ የገብስ ነዶ መለስህልኝ።

ሰብስቤ፦ ትንሽ ሞቅ ብላለች እንጂ...

አንጓች፦ ሞቅ ያለውስ አንተን ነበር።

ሰብስቤ፦ ሠርግ ነበራ።

አንጓች፦ አውቃለሁ። ሙሽራዋን ተሸክማ የመጣችው የኔው በቅሎ ናት።

ሰብስቤ፦ ለመሆኑ ሽማግሎቹ ትናንት በበቅሎዋ ክርክር ምን አሉ?

አንጓች፦ ምን ይላሉ! ያ ቢያድግልኝ የሚሉት ሰውዬ ከሳምንት በፊት የጠፋችብኝን በቅሎ በረቱ አስሮ «ከገበያ የገዛኋት ነች» ይላል። ምስክር ባቆም «ዘመዶችሽ ናቸው» አሉኝ። በዚህ አገር ዘመዴ ያልሆነ ቢኖር ቢያድግልኝ ብቻ ነው። ያን ጊዜ «ፎቶ አለኝ!» ብዬ ተነሳሁ። ደረቴን ነፍቼ።

ሰብስቤ፦ አሳዩአቸው?

አንጓች፦ አሳየኋቸዋ። ፎቶውን አዩ፤ በቅሎዋን አዩ፤ ደግመው ፎቶውን አዩ። አቶ ጫንያለው ጉሮሮውን ጠረገና «አንጓች፣ ያንቺ ቡላ ናት፤ ይቺ ዳልቻ ናት፤ ያንቺን ፈልጊ» አለኝ። ቢያድግልኝ ደግሞ አብሮኝ አዘነ። «እግዜር ያገናኝሽ» አለኝ፣ የበቅሎዬን ልጓም ይዞ።

ሰብስቤ፦ ዛሬስ?

አንጓች፦ ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ይቆርጡታል።

ሰብስቤ፦ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ እትዬ።

አንጓች፦ ንጋቱስ ጠርቷል፤ ይኸው ፀሐይ ወጣች። የቀረው እውነቱ ነው፣ እሱ ደግሞ አንተ ዘንድ ነው። በቅሎዬ በምን ቡላ ሆነች?

ሰብስቤ፦ በዳሱ ነው። እድሩ የገዛው አዲሱ ሸራ ቢጫ ነው። ፀሐይ በሱ ስታልፍ ብርሃኑ ቢጫ ሆኖ ይወርዳል፤ ሥሩ የቆመ ሁሉ ቢጫ ይጠጣል።

አንጓች፦ እንግዲህ ብንጋባም ብንሞትም ቢጫ ነን በለኛ። ግን እኔም ከዳሱ ውስጥ ነበርሁ፤ ዳልቻ ሆና ነው ያየኋት።

ሰብስቤ፦ ዓይን ይለምዳል። ነጠላ ነጭ መሆኑን ስለሚያውቅ ቢጫውን ይቀንስለታል። ካሜራ ግን እንግዳ ነው፤ ነጩ የቱ እንደሆነ ካልነገሩት አያውቅም። አስቀድሞ ነጭ ወረቀት ያሳዩታል፣ «ነጭ ማለት ይህ ነው» ይሉታል፤ የቀረውን ቀለም ሁሉ በዚያ ያስተካክላል።

አንጓች፦ ታዲያ ለምን አልነገርኸውም?

ሰብስቤ፦ ...ሠርግ ነበር አልሁዎት።

አንጓች፦ አሁን ንገረዋ!

ሰብስቤ፦ አሁንም በኮምፒውተር ይቻላል። ፎቶው ውስጥ ነጭ የነበረ ነገር ፈልጌ እሱ ላይ ጠቅ ሳደርግ፣ ሁሉም ወደ መልኩ ይመለሳል።

አንጓች፦ እንግዲያው ጠቅ አድርገውና አብረን እንሂድ። «ቀለሙን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» በላቸው። ሌላ አልፈልግም።

ሰብስቤ፦ ጠቅ ማድረጉስ ቀላል ነው። መሄዱ ነው የከበደኝ።

አንጓች፦ እግርህን ታመሃል?

ሰብስቤ፦ እግሬስ ደኅና ነው። የዛሬው ሰማይ ግን ዝናብ...

አንጓች፦ በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች። የጠየቅሁህን መልስ።

ሰብስቤ፦ የሙሽራው አባት ማን ነበር?

አንጓች፦ አቶ ጫንያለው።

ሰብስቤ፦ የሽማግሎቹ ሰብሳቢስ?

አንጓች፦ አቶ ጫንያለው። ...ምን አድርገኸዋል?

ሰብስቤ፦ አልበሙን የሰጠኋቸው ቀን «ለምን ቢጫ ሆነ?» አሉኝ።

አንጓች፦ ምን አልኸው?

ሰብስቤ፦ «ወርቃማ ነው። አዲስ አበባ ትልልቆቹ ሰዎች አሁን የሚነሱት እንዲህ ነው» አልኋቸው።

አንጓች፦ አመነህ?

ሰብስቤ፦ የሙሽራዋን ፎቶ አሳድገው ሳሎናቸው ሰቅለውታል። እንግዳ በገባ ቁጥር «ወርቃማ ነው» ይላሉ። አሁን እሳቸው ፊት ቆሜ «ወርቅ አይደለም፣ ስሕተት ነው» ልበል? ሦስት መቶ ፎቶ! ከዚያ ወዲያ በዚህ ከተማ ለሠርግ ማን ይጠራኛል?

አንጓች፦ ለካ ለዚህ ነው ያቺ ልጅ ግድግዳው ላይ የወፍ በሽታ የያዛት የምትመስለው! እኔማ ፎቶዋን አይቼ ጠበል ውሰዷት ብዬ መክሬ ነበር።

ሰብስቤ፦ ወሰዷት?

አንጓች፦ ሰባት ቀን ተጠመቀች።

ሰብስቤ፦ ...አሁን ተሻላት?

አንጓች፦ መንገድ ላይ ሳያት ደኅና ናት። ፎቶው ላይ ገና ነች።

ሰብስቤ፦ እትዬ፣ አስተካክዬ ላትምልዎትና እርስዎ ይዘውት ይሂዱ። እኔን ግን ይተዉኝ።

አንጓች፦ ትናንት ቡላ፣ ዛሬ ዳልቻ ይዤ ልቅረብ? «አንጓች በቅሎ ስትቀባ አደረች» አይሉኝም? ያነሳው ሰው አፍ ነው የሚያስፈልገኝ።

ሰብስቤ፦ አልችልም።

አንጓች፦ ጉልበቴ ከተያዘ ወዲህ ቤተ ስኪያን የምደርሰው በሷ ነው። ዛሬ ሰው ሁሉ ሲያስቀድስ እኔ አንተ ዘንድ የቆምሁት ለምን ይመስልሃል? ከቤቴ እስከዚህ ድረስ አራት ቦታ ዐርፌያለሁ።

ሰብስቤ፦ ...ይገባኛል።

አንጓች፦ ይገባሃል፤ ግን አትመጣም።

ሰብስቤ፦ አልመጣም።

አንጓች፦ መልካም። እንግዲያው አንዲት ነገር አስረዳኝና ልሂድ። ነጭ የነበረ ከተገኘ ሌላው በሱ ይታወቃል ነው ያልኸኝ?

ሰብስቤ፦ አዎ። ግን ሰው ሁሉ ነጭ ነው ብሎ የሚያምንበት መሆን አለበት። የርስዎ ነጠላ አይሆንም፤ ቢያድግልኝ «ድሮም ቢጫ ነበር» ይላል።

አንጓች፦ እንደሱ ይላል። እዚህ ፎቶው ላይ ከበቅሎዬ አጠገብ መስቀል ይዘው የቆሙት ማን ናቸው?

ሰብስቤ፦ ቄሰ ገበዝ ልሳነወርቅ።

አንጓች፦ ሽምግልናው ላይ የት ነው የሚቀመጡት?

ሰብስቤ፦ ከአቶ ጫንያለው በስተቀኝ።

አንጓች፦ ራሳቸው ላይ ያለውስ ምንድን ነው?

ሰብስቤ፦ ጥምጥማቸው ነዋ።

አንጓች፦ ምን ይመስላል?

ሰብስቤ፦ ...ሽሮ።

አንጓች፦ በል ደኅና ዋል። አንተን አልጠራም፤ ስምህንም አላነሳም። ፎቶውን አቀርብና «አባቴ፣ በሠርጉ ዕለት ሽሮ የመሰለ ጥምጥም ጠምጥመው ነበር ወይ?» ብዬ ብቻ እጠይቃለሁ።

ሰብስቤ፦ እትዬ!

አንጓች፦ ሠላሳ ዓመት ነጭ ሲጠመጥሙ የኖሩ ሰው ናቸው። የሚመልሱትን አንተም ታውቀዋለህ። ጥምጥሙ ነጭ ከሆነ በቅሎዬ ዳልቻ ናት። ከዚያ ወዲያ አቶ ጫንያለው ሳሎኑ የሰቀለው ወርቅ ትዝ ቢለውና ቢያስጠራህ፣ እሱ የሁለታችሁ ጉዳይ ነው።

ሰብስቤ፦ ቆይ፣ ቆይ፣ አይሂዱ። ይቀመጡ። ...ሰው ከሚያወጣብኝ ራሴ ባወጣው አይሻልም?

አንጓች፦ እኔ ምን አውቄ። ባለሙያው አንተ።

ሰብስቤ፦ አልበሙን በሙሉ እንደገና አትምልዎታለሁ ብላቸው፣ ይምሩኝ ይሆን?

አንጓች፦ ምራቱ ጤነኛ መሆኗን ሲያይ ይምርሃል።

ሰብስቤ፦ እሺ። እሺ፣ እመጣለሁ። ኮምፒውተሩ እስኪነሳ ይታገሡኝ። በቅሎዋን ላስቀድም?

አንጓች፦ በቅሎዋን ተዋት። አንተ ጥምጥሙን አንጣው፤ እሷ ተከትላ ትመጣለች።