ሁመድ ለሐኪሟ ያወራው ዳጉ

ሎጊያ ጋራዥ ውስጥ ከመኪና ስር ልገባ ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ልቤ ይደልቃል፣ ላብ ያጠምቀኛል። በአፋር ምድር ላብን ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል? ሐኪም ሲጠይቀኝ «ሙቀቱ ነው» እላለሁ፤ የደም ግፊት ኪኒኔን ይዤ እመለሳለሁ። አንድ ቀን ግን ተዝለፍልፌ ወደቅኩና የጋራዡ ዘበኛ ሁመድ ደግፎ ሰመራ ሆስፒታል ወሰደኝ። ሐኪሟ «ምንህን ነው የሚያምህ?» ስትለኝ አሁንም «ሙቀቱ...» ማለት ስጀምር ሁመድ አላስጨረሰኝም። «ወላሂ አይደለም!» ብሎ ዳጉውን ጀመረላት። ዳጉ አፋር ሲገናኝ ያየውን ሳይጨምር ሳይቀንስ የሚነጋገርበት ወግ ነው። «የሚነሳበት ጎንበስ ሲል ነው። ፊቱ ይነጣል፣ በዚህ ሁሉ ሙቀት እጁ ይቀዘቅዛል። ሻይ እስኪፈላ ያህል ይቆይና ይለቀዋል።» ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ «እስቲ ከመጀመሪያው ድገምልኝ» አለችው።

አዲስ አበባ ተላክኩ። ለካ ከኩላሊቴ በላይ የበቀለች፣ ብዙ ሰው ላይ የማትታይ ዕጢ፣ ጎንበስ ብዬ በተጫንኳት ቁጥር ልብ የሚያስደልቅ ሆርሞን ከልክ በላይ ትረጭብኝ ኖሯል! በቀዶ ጥገና ወጣችልኝ። ስመለስ ሁመድን «ድኛለሁ» ስለው ተቆጣ። «ይሄ ዳጉ ነው እንዴ? ቁጭ በልና ሁሉንም አውራ!» አወራሁለት። ወዲያው ግመል እየነዱ የሚያልፉ ሽማግሌ አስቁሞ ዳጉውን ያቀብላቸው ጀመር። አፋርኛ ስለምሰማ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። አንድም ነገር አልዘለለም፤ ቀዶ ጥገና ክፍል ስገባ «እናቴን ጥሩልኝ» ብዬ ማልቀሴን ጭምር! ሆዴን ይዤ፣ ጎንበስ ብዬ ሳቅኩ። ልቤ ምንም አላለኝም።