የሐጂ ሰይዶ ሃያ አንድ ነጥብ

በ2010 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ቡታጅራ መናኸሪያ ከመኪና ስወርድ ከሐጂ ሰይዶ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ሐጂ ሰይዶ አሥራ ሁለት ክፍል ያለው ፔንሲዮን አላቸው። እኔ የኮምፒዩተር መምህር ነኝ፤ ወደ ጉብሬ ተዛውሬ ከሄድኩ ዓመት አልፎኛል። ቡታጅራ ሳለሁ የፔንሲዮኑን ድረ ገጽ የሠራነው እኔና ልጃቸው ሃፊዛ ነበርን።

"አሰላሙ አለይኩም ሐጂ፣ ደህና ነዎት?"

"ወአለይኩም ሰላም፣ መምህር። አላህ ነው ያገናኘን፤ ና፣ አንድ ነገር ታይልኛለህ" አሉና ክንዴን ይዘው ወደ ፔንሲዮኑ ወሰዱኝ።

በእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ "የድረ ገጻችን የተሰሚነት ነጥብ፦ ሃያ አንድ" የሚል ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል። ከሥሩ የክፍሎቹ ቁልፎች ተሰቅለዋል። ቆጠርኳቸው፤ አሥራ ሁለቱም አሉ።

"አንተ ስትሄድ ሰባት ነበር፤ አሁን ሃያ አንድ!" አሉ ሐጂ። "ታዲያ እንግዳው የት ገባ? እስከ ጥር እንዲህ ከቀጠለ ቤቱን መዝጋቴ ነው።"

"ነጥቡን ምን ከፍ አደረገው?"

"ዘመድ ነዋ!" አሉ ኮራ ብለው። "ያምና አረፋ መርካቶ ያለው ዘመዴ ሁሉ አገር ቤት ሲገባ ሰበሰብኩት። ሙንታሲር የሚባል ድረ ገጽ ሠሪ ለእያንዳንዱ ገጽ ሠራለት፤ በየገጹ ወደ እኔ ቤት ገጽ የሚወስድ ሊንክ አስገባ። ጎማ ሻጩ፣ ቆርቆሮ ሻጩ፣ ብርድ ልብስ ሻጩ፣ ሠላሳ ስምንት ሰው! እምቢ ያለኝ የለም።"

አፈርኩ። ያን ቁጥር መጀመሪያ በስልኬ ያሳየኋቸው እኔ ነበርኩ። "ይህ ከፍ ሲል ጥሩ ነው" ብዬ ሻዬን ጠጥቼ ሄድኩ፤ ትርጉሙን ለማስረዳት ሩብ ሰዓት አልሰጠኋቸውም። እኛ ተማርን የምንል ሰዎች ብዙ ጊዜ ግማሹን ተናግረን እንሄዳለን፤ የቀረው ግማሽ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚያየው ሌላ ሰው ነው።

"ሐጂ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ይህን ቁጥር የሚሰጠው ጎግል አይደለም።"

"ታዲያ ማነው?"

"ሌሎች ድርጅቶች ናቸው። ወደ እርስዎ ገጽ ሊንክ ያደረጉት እነማን ናቸው፣ ስንት ናቸው ብለው አይተው ከመቶ የሚሰጡት ግምት ነው። ጎግል ገጾችን ሲደረድር ይህን ቁጥር አይጠቀምበትም።"

"ግምት ከሆነ ለምን አሳየኸኝ?"

"ጥፋቴ ነው። የሚጠቅመው ከእኩያ ጋር ለመነጻጸር ነው። እዚሁ አጠገብ እንሴኖ ያለ ፔንሲዮን ዘጠኝ ቢያገኝና እርስዎ ሰባት ቢሆኑ ብዙ አልራቁም ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ትልቅ ሆቴል ጋር ግን ምን ያገናኝዎታል?"

ለሐጂ አልተዋጠላቸውም። "ዘመድ ለዘመዱ መመስከሩ ምን ነውር አለው?"

"እርስዎ በሽምግልና ብዙ ጠብ አብርደዋል። አንዱ ባለጉዳይ ሠላሳ ስምንት የአጎቱን ልጆች ይዞ ቢመጣና ሁሉም አንድ ቃል ሳይለውጡ ቢመሰክሩለትስ?"

"አባርራቸዋለሁ!" ብለው ሳቁ። "ነገሩን በዓይኑ ያየ አንድ ባዳ ይሻለኛል።"

"ጎግልም እንዲሁ ነው። ጎማ ሻጭ ስለ አልጋ ምን ያውቃል? ደረጃ ለማሳደግ ብቻ ተነጋግረው የሰጡትን ሊንክ ሲደርስበት ከምንም አይቆጥረውም፤ ገጹንም ወደ ታች ሊያወርደው ይችላል። እርስዎ ግን ባዳ ምስክር ነበረዎት።"

ሃፊዛ ወደ ሐረ ሸይጣን ሐይቅ የሚወስደውን መንገድ ጽፋ ነበር። ባጃጅ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ በክረምት ጭቃው የቱ ጋ እንደሚይዝ፣ ፔንሲዮኑ ውስጥ ውኃ በየትኛው ቀን እንደሚጠፋ ሳይቀር ሳትደብቅ ጽፋዋለች። የውጭ አገር የእግር ተጓዦች ማኅበር ወዶት በራሱ ገጽ ላይ ሊንኩን አውጥቶት ነበር። ያንን ሊንክ በስልኬ ነካሁት፤ ገጹ የለም።

"የት ሄደ?"

ሐጂ መሬት መሬት አዩ። "ሙንታሲር 'አልጋ የማይሸጥ ገጽ ምን ያደርጋል?' አለኝ፤ አጥፋው አልኩት።"

"ሃፊዛስ?"

"አለቀሰች። 'አባ፣ ሰው የሚመጣው በሱ ነው' አለችኝ። እኔ ደግሞ ሠላሳ ስምንት ትልልቅ ሰው ካንቺ ይበልጣል አልኳት። ከአረፋ ተመላሾች ጋር አብራ አዲስ አበባ ገባች፤ አሁን አጎቷ ሱቅ ናት።"

ያን ሰሞን ሃፊዛ ደውላልኝ ነበር። የክረምት ተማሪዎች ፈተና እያረምኩ ስለነበር "ቆይቼ እደውላለሁ" አልኳት። አልደወልኩም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

"እንግዲህ ምን ይሻላል?" አሉ ሐጂ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"የዘመዶቹን ሊንክ እናስነሳ። የሃፊዛን ገጽ በነበረበት አድራሻ እንመልሰው፤ የተጓዦቹ ሊንክ ያኔ ይሠራል። የቤቱ ስምና ስልክ የጎግል ካርታ ላይ በትክክል ይግባ። ያደረ እንግዳ ያየውን እንዲጽፍ ይጠየቅ፤ የሚወቅስም ቢሆን። ነጥቡ ወደ ስምንት ሊወርድ ይችላል፤ አይደንግጡ። ቤቱን ያየ ሰው ስላየው ነገር ሲመሰክር እንግዳው አምኖ ይመጣል። አንድ እንዲህ ያለ ሊንክ ከሠላሳ ስምንቱ ይበልጣል።"

"አምኛለሁ። ቁጥሩን ይዤ ሰው አጣሁ" አሉና ወዲያው ለልጃቸው ደወሉ።

"ሃፊዛ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ያን ገጽ መልሰሽ ጻፊልኝ።"

ድምፅዋ ለእኔም ይሰማል። "እሺ አባ። ግን ዘንድሮ መንገዱ እንዴት ነው? ክረምት አላበላሸውም? ውኃውስ አሁን በየትኛው ቀን ነው የሚጠፋው?"

ሐጂ ወደ እኔ አዩ። እኔም አላውቅም።

"አንቺው መጥተሽ እይው፤ ቤትሽ አይደል?"

"አባ፣ እኔ እዚህ ሥራ ይዣለሁ፤ አሁን አልመጣም። እርስዎ ሄደው ይዩትና የሚነግሩኝን እጽፋለሁ።"

በማግስቱ ጠዋት እኔና ሐጂ በባጃጅ ወደ ሐይቁ ሄድን። ደቂቃውን ያዝኩ፤ ጭቃ የሚይዝበትንም ቦታ ጻፍኩ። ቡታጅራ ተወልደው ያደጉት ሐጂ ያን መንገድ ለጉብኝት ሲሄዱበት የመጀመሪያቸው ነበር። ባጃጅ ነጂው በመስታወቱ አያቸውና "የሃፊዛ አባት አይደሉም?" አላቸው። "በየወሩ ትመጣ ነበር። መንገዱ ተለውጦ እንደሆነ አይታ፣ ጽፋ ትመለሳለች። ምነው ቀረች? ደህና አይደለችም?"

"ደህና ናት" አሉ ሐጂ። ከዚያም የምጽፍበትን ወረቀት ከእጄ ወስደው የቀረውን መንገድ ራሳቸው ይጽፉ ጀመር።