ባለቤት የሌለው ሰማያዊ ጀልባ

ናዚህ ወረቀቱን ይዞ መረብ ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ ደሃቢያ ቀና ብላ አላየችውም። የራስ ኑሃስ ማዘጋጃ ቤት የምክር ቤት አባል ነው፤ ወረቀቱ ላይ የቀረው የእሷ ፊርማ ብቻ ነበር። ከፈረመች የመረብ ጠጋኞቹ ቤት ሰኞ ይፈርሳል፣ ደጃፉ ላይ በግንድ ተደግፈው የቆሙት አሮጌ ጀልባዎች ይነሣሉ፣ በቦታው ባለ መስታወት ምግብ ቤት ይሠራል። አሮጊቷ ግን መረቡን በእግሯ አውራ ጣት ወጥራ፣ አብራት ከምትጠግነው ከጎረቤቷ ከሙንጂያ ጋር ወግ ይዛለች።

«ሙንጂያዬ፣ እንዴት ያለ ቀን ነው ዛሬ! ነፋሱም ተኛ። ጠዋት ያሰጣሁት ልብስ ይኸው ደረቀ። ያ በክር የሰካሽው ቃሪያስ ደረቀልሽ? ጎሽ... ደግሞ ሰምተሻል? ላይኛው ሰፈር አንዷ ሙሽራ ወሯ ገብቷል አሉ። ሐኪሙ ወንድ ነው ብሏል። ደስ አይልም?

«ስለ ደስታ ካነሣን... አንድ ሰው አለ። ስሙን አልጠራም፣ ስም መጥራት ምን ያደርጋል? እንዴት ያለ ንጹሕ ሰው መሰለሽ! አሸዋ ላይ ጫማ ሳያወልቅ የሚሄድ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አላየሁም። አባቱ እንኳ ዕድሜውን በባዶ እግሩ ነው የጨረሰው። ለልጁ ጫማ ሲገዛ ለራሱ መግዛት ረስቶ ይሆናል... ሰው ይረሳል አይደል?»

ወሯ የገባው ሙሽራ የናዚህ ሚስት ናት። ናዚህ አሸዋ የገባበትን ጫማውን ሳያስበው ወደ ኋላ ሳብ አደረገ።

«ንጽሕናውንማ በሣሩ አየነው። ባህሩ በየክረምቱ የሚተፋው ቡናማ ሣር የለም? ዳርቻው ላይ የሰው ቁመት የሚያክለው ክምር? ሸተተኝ አለ። እውነቱን ነው፣ ይሸታል። አፍንጫ ያጣነው እኛ ነን። አያቶቻችንም አልነበራቸውም መሰለኝ፤ አንድ ቀን ነክተውት አያውቁም። ‹ማዕበሉን የሚይዝልን እሱ ነው› ይሉ ነበር፣ የዋሆች! እሱ ግን የተማረ ሰው ነው፤ ዶዘር አምጥቶ በሁለት ቀን ጠረገው። እንዴት አማረ በይ! እንግዶቹ ዓሣቸውን እየበሉ ባህሩን ያለ ከልካይ ያያሉ። ባህሩም... እንግዶቹን ያለ ከልካይ ያያል። ባለፈው ሳምንት መጥቶ አልነበር? ምግብ ቤቱ የሚተከልበት ቀይ ምልክት ድረስ ገብቶ፣ ዞር ዞር ብሎ ተመለሰ። ‹ጠረጴዛ ሊይዝ ነው የመጣው› አልኩ በልቤ። ትልቅ ሰው ጠርቶት እንዴት ይቀራል?»

ሙንጂያ ሳቋን በሻሿ ጫፍ አፈነች። ናዚህ ጉሮሮውን ጠረገ። ደሃቢያ መርፌዋን በመረቡ ቀዳዳ አሾለከች፣ ክሩን ሳበች፣ ቋጠረች።

«አሮጌ ነገር ይንቃል እንዳትይ ደግሞ። ሰባቱንም ጀልባዎች በወግ አስመዝግቧል። የልጄ ልጅ አንብባልኛለች፤ ‹ባለቤት የሌላቸው› ይላል። አንደኛ ተራ ላይ ማንን ያሰፈረ ይመስልሻል? ይሄን ከኋላዬ ያለውን ሰማያዊ! ባለቤት የሌለው... ሟቹን አላህ ይማረውና፣ በየጸደዩ ቀለም ሲቀባው ትዝ ይልሻል? ጎንና ጎኑን ጎረቤት ያግዘው ነበር። የጀልባው አፍንጫ ላይ ያለውን ስም ግን ማንንም አያስነካም። ልጁ የተወለደ ቀን የጻፈው ነዋ! ምስኪን፣ ማንበብ እንኳ አይችልም። ፊደሉን ከመምህሩ ደብተር ገልብጦ እንደ ሥዕል ነበር የሚስለው፤ ምላሱን አውጥቶ፣ እንደ ተማሪ። እሱ ካለፈ ስድስት ዓመት፣ የቀባው ሰው የለም። ታዲያ ማን ይቅባው? ባለቤት የለውማ።»

ናዚህ ሳይወድ ቀና አለ። ከደሃቢያ ትከሻ በላይ፣ በተላላጠው ሰማያዊ ላይ፣ በነጭ የተጻፈው አሁንም ይነበባል፤ ናዚህ ይላል።

«ደግሞ አይጣልም አሉ፣ እንጨቱ። ይፈለጥና ለምግብ ቤቱ የዓሣ መጥበሻ እሳት ይሆናል። አየሽ አሳቢነት? ያ ሰው በቁሙ ዕድሜ ልኩን ዓሣ አቀረበ፤ ሞቶም ማገዶ ያቀርባል። ልጁ ሥራ አላስፈታውም...

«ውይ! ሰው ወረቀት ይዞ ቆሟል እኮ፣ እኛ እናወራለን። አቀብይኝ እስቲ ሙንጂያ። እፈርማለሁ እንጂ፣ ለምን አልፈርምም? ጓደኞቼ ፈርመዋል፤ ባህሩም ባለፈው ሳምንት መጥቶ ፈርሟል። እኔ ማን ነኝና ወደ ኋላ እቀራለሁ?»

መረቡን ከጣቷ አወለቀች። እስክሪብቶውን ተቀብላ ስሟን ቀስ ብላ፣ ፊደል በፊደል ጻፈች፤ ወረቀቱንም ሙንጂያ እንድታቀብልላት ሰጠቻት እንጂ ለሰውየው አልዘረጋችም።

«በይ እጅሽን ዘርጊ። ይሄን የሚያህል ሥራ ያለ ዱዓ አይጀመርም።»

በራስ ኑሃስ ዱዓ ሲደረግ እጁን አጥፎ የሚቆም ሰው የለም። ናዚህ የተፈረመውን ወረቀት ብብቱ ውስጥ ሸጎጠ። ከልጅነቱ እንደለመደው፣ እዚያው አሸዋ ላይ፣ አባቱ ጎን ቆሞ እንደተማረው፣ ሁለት መዳፎቹ ሳይጠይቁት ተዘረጉ።

«ያቺን ልጅ በሰላም ይገላግላት። ለዚያ ለተባረከ ሰውም አላህ ወንድ ልጁን በጤና ያሳቅፈው። መልኩም ጠባዩም ቁርጥ አባቱን ይሁን። ይደግ፣ ይማር፣ ከትልቅ ወንበር ይቀመጥ። አባቱ ባረጀም ጊዜ... እሱ አባቱን እንዳሰበ፣ ልጁም እሱን ያስበው። አሚን በሉ እንጂ፣ ሁለታችሁም!»