ገመድ ተብሎ የተያዘው የወይዘሮ ትርፊት መቀነት

የምስክሯ ስም፦ ወይዘሮ ትርፊት ጴጥሮስ
ዕድሜ፦ 43 ዓመት
ሥራና ትምህርት፦ በአንጋጫ መምህርት፣ እስከ 10ኛ ክፍል የተማሩ
አድራሻ፦ ከምባታና ሐዲያ አውራጃ፣ ሆሳዕና ከተማ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ዓርብ ጥቅምት 14 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት
ቃል ተቀባይ፦ ሃምሳ አለቃ ተክለጊዮርጊስ
ጉዳዩ፦ ሹፌር አበራ ሄራሞ ከሌሎች ጋር ተማክሮ መንገድ ላይ ገመድ በማስዘርጋት አውቶቡስ አቁሟል በሚል ስለ ቀረበበት ክስ

አውቶቡሱ ወደ ቀድሞ ሰዓቱ ተመልሷል! ከአዲስ አበባ የመጣው ደብዳቤ ዛሬ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ መናኸሪያው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ማኅተም አለበት። ከሰኞ ጥቅምት 17 ጀምሮ ከሆሳዕና ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል፣ ከአንጋጫ ደግሞ ከቀኑ 10 ሰዓት ይነሣል ይላል። ሃምሳ አለቃ ተክለጊዮርጊስ “እትዬ፣ መጀመሪያ ይቀመጡ እንጂ” ሲሉኝ ሳልቀመጥ፣ ሰላምም ሳልል ይህን መናገሬ እውነት ነው። ከሁሉ በፊት ይጻፍልኝ ብዬ ስለ ለመንሁ ተጽፏል። አሁን እንደምን አደራችሁ ብዬ፣ ተቀምጬ፣ ቃሌን እሰጣለሁ። ደስታዬ ግን ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ እዚሁ ጣቢያ ከኋላ ባለው ክፍል ታስሮ ሦስት ሌሊት አድሯል።

ሹፌሩን አበራን አውቀዋለሁ። ስድስት ዓመት በእሱ አውቶቡስ ከሆሳዕና አንጋጫ እየተመላለስሁ አስተምሬአለሁ። ዝምድናም ጠብም የለንም። ከሳሹን ወልደሰንበትን፣ የአውቶቡሱን ወኪል፣ እሱንም አውቀዋለሁ። አንቱ እንድለው ሃምሳ አለቃው መክረውኛል፤ ዛሬ አልችልም ብያለሁ።

ነገሩ የጀመረው ሰኞ መስከረም 12 ቀን ነው። በዚያ ቀን ወኪሉ አዲስ የሰዓት ማስታወቂያ ለጠፈ፤ አውቶቡሱ ከሆሳዕና ሊነጋጋ ሲል በ11 ሰዓት ይነሣል፣ ከአንጋጫ በ6 ሰዓት ቀትር ላይ ይመለሳል የሚል። ከከተማው ውጭ ያሉት የሌሞ ገጠር ሴቶች ለመሳፈር በጋሪ የሚመጡ ናቸው፤ በዚያ ጨለማ ጅብ ባለበት መንገድ ማን ጋሪ ይነዳል? ድሮ አበራ ከመነሣቱ በፊት ሦስት ጊዜ ክላክስ ይነፋ ነበር፤ ጋሪዎቹም ያንን ሰምተው ይፈጥኑ ነበር። ክላክሱም “ጩኸት ነው” ተብሎ ተከለከለ። እኔ ትምህርት ቤቱ ሳይከፈት ደርሼ በር ላይ እቆማለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ሳስተምር ደግሞ አውቶቡሱ ጥሎኝ ይሄዳል። በዚህ የተነሣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከቤቴ ውጭ፣ ቅቤ ነጋዴዋ ብርቅዬ የአንጋጫ ዘመዶቿ ዘንድ ባስገኘችልኝ ጥግ ማደር ጀመርሁ። የብርቅዬ ደግሞ የባሰ ነው። ማክሰኞ የአንጋጫ ገበያ የሚሞቀው ከ6 ሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ ገዢ ሳይመጣ ቅቤዋን በኮባ እንደ ጠቀለለች ይዛ ትሳፈራለች። በቀትር ፀሐይ ቅቤው ቀልጦ ቀሚሷ ላይ ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ።

ለምን እንዲህ ሆነ ብዬ ወኪሉን በአካል ሄጄ ጠይቄዋለሁ። “ከሰዓት በኋላ አውቶቡሱ ይታጠባል፣ ያርፋል” አለኝ። እኛ በፀሐይ እየቀለጥን አውቶቡስ ያርፋል! ይህን የሚለኝ ሰውዬ አንጋጫ ሲሄድ በራሱ በቅሎ ነው፤ ያን አውቶቡስ እስከዚያ ድረስ ተሳፍሮበት አያውቅም ነበር። ንዴቴን ይዤ ቤቴ ገባሁና መስከረም 20 ቀን አዲስ አበባ ላለው የአውቶቡሱ ዋና መሥሪያ ቤት አቤቱታ ጻፍሁ፤ ስልሳ ሦስት ሰው ፈረመበት፣ የማይጽፈው አውራ ጣቱን አሳረፈበት። አበራ አልፈረመም። “እትዬ፣ እኔ የታዘዝሁትን ነው የምነዳ” ብሎኛል። ሹፌሩ ከእናንተ ጋር ተማክሯል ወይ ተብዬ ስጠየቅ የምመልሰው ይህንኑ ነው። የልጁ ታዛዥነት እንዲያውም አናዶኝ ነበር።

ድርጊቱ የተፈጸመው ማክሰኞ ጥቅምት 11 ቀን ነው። ትምህርት ቤት ለምሳ ሲለቀቅ፣ 6 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ብርቅዬን ልሸኝ ወደ አውቶቡሱ ማቆሚያ ሄድሁ። በዚያ ቀን ወኪሉ አበራ ሰዓት ያሳልፋል የሚል ጥርጣሬ ስለ ገባው ራሱ መጥቶ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ብርቅዬ በመስኮቱ በኩል “ጋሼ ወልደሰንበት፣ አንድ ሰዓት ብቻ! ገበያው አሁን መቆሙ ነው” ብላ ለመነችው። እሱም “ቅቤሽን ጠጪው” አላት።

በዚህ ጊዜ መቀነቴን ፈታሁ። ማንም አልመከረኝም፤ እጄ ራሱ ፈታው። በእኛ ዘንድ ሴት መቀነቷን ፈትታ መንገድ ላይ ከዘረጋች፣ ጠበኛም ይሁን ባለሥልጣን፣ እናት የወለደችው ወንድ አይሻገረውም፤ ቆሞ ይሰማታል። ከአውቶቡሱ ፊት ዘረጋሁት። ብርቅዬ ከጎኔ የራሷን ዘረጋች። ከዚያ ሌሎቹም ቀጠሉ፤ አሥራ አንድ መቀነት ቆጥሬአለሁ። አንዳችም ገመድ አልነበረም።

አበራ ሞተሩን አጠፋ። ወኪሉ “ንዳው!” ብሎ ጮኸ። አበራ “ጋሼ፣ ይህን አልሻገርም። የወለደችኝም የታጠቀችው ይህንኑ ነው” አለ። ወኪሉ “ጨርቅ ነው!” አለው። አበራም ቁልፉን ነቅሎ ዘረጋለትና “ጨርቅ ከሆነ መሪው ይኸው፣ እርስዎ ይንዱት” አለው። ወኪሉ ቁልፉን አልተቀበለም። “በእግሬ እሄዳለሁ፣ ታየዋለህ!” እያለ ወረደ።

እዚህ ላይ ቃሌ በጥንቃቄ እንዲጻፍ እጠይቃለሁ። ወኪሉ እየተቆጣ መጥቶ ከመቀነቶቹ ፊት ደረሰ። ቀኝ እግሩን አነሣ። እግሩን አንሥቶ ትንሽ ቆየና መልሶ አወረደው። ከዚያ በስተግራ ዞሮ፣ ቦዩ ውስጥ ገብቶ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ለብሶ፣ በሰው እንሰት መካከል ተሹለክልኮ ከማዶ ወጣ። ብርቅዬ “ጋሼ፣ አውቶቡሱ ብቻ ሳይሆን እርስዎም ሊታጠቡ ነው!” ስትለው ገበያው በሙሉ ሳቀ። ታዲያ ያ የተዘረጋው ገመድ ከነበረ ለምን አልተሻገረውም? ገመድ ማንም ይሻገራል። ገመድ አለመሆኑን ከሁላችን ይልቅ ያወቀው እሱ ነው። አበራ ያልተሻገረውን እሱም አልተሻገረም፤ አበራ ታሰረ፣ እሱ ከሳሽ ሆነ።

ገበያው ከተፈታ በኋላ ልክ በ10 ሰዓት መቀነታችንን አነሣን፤ አበራም ነዳ። ከተሳፋሪ የተጎዳ፣ ከአውቶቡሱም የተሰበረ ነገር የለም። 11 ሰዓት ሆሳዕና መናኸሪያ ስንደርስ ወኪሉ በጭነት መኪና ቀድሞን፣ ሁለት ፖሊሶች ይዞ ይጠብቀን ነበር። አበራን ከመሪው ላይ አወረዱት። የእኔ መቀነት ጭቃ ስለ ነካው ሳልታጠቀው በእጄ ይዤው ነበር፤ ወኪሉ “ገመዱ ይኸው!” ብሎ ጠቆመና ተወሰደብኝ። የዘረጋሁት እኔ ነኝ፣ እኔን ያዙኝ ብልም፣ አንዱ ፖሊስ “እትዬ፣ እርስዎ ወደ ቤትዎ ይሂዱ” አለኝ። መቀነቴ ታስሮ እኔ ባለቤቱ ወደ ቤቴ ተሸኘሁ። ይህን ሳስብ እስካሁን ደሜ ይፈላል።

በኤግዚቢትነት የተያዘው ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ እንድለየው ተጠይቄአለሁ። ለይቼዋለሁ። እጅ ፈትል ነው፣ ነጭ፣ ዳርና ዳሩ ሰማያዊ፣ አንዱ ጫፍ የትምህርት ቤት ሣጥኔን ቁልፍ ስለምቋጥርበት የተጨማደደ። ቁልፉ ዛሬም ቋጠሮው ውስጥ አለ፤ ተፈትቶ ታይቷል። እኔም በመቀነቴ ፈንታ ከማክሰኞ ጀምሮ ወገቤን ያሰርሁበትን የእንሰት ቃጫ ገመድ ፈትቼ ከጎኑ አስቀምጫለሁ። ሃምሳ አለቃው ሁለቱንም እንዲዳስሱ ጠይቄ ዳስሰዋል። ገመድ ይህ ነው፤ መቀነት ያ ነው። ጥፋት ካለ ጥፋቱ የእኔና የአሥሩ ሴቶች ነው፤ ስማችንን በተለየ ወረቀት ጽፌ ሰጥቻለሁ። ልጁ ያደረገው ቢኖር እናቱን ማክበር ብቻ ነው።

ከላይ ያለው ቃል ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ ያየሁትና ያደረግሁት ነው፣ የጨመርሁትም የሸሸግሁትም የለም። አቶ ወልደሰንበት ባሉበትም ብጠራ ይህንኑ እደግማለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ትርፊት ጴጥሮስ
የቃል ተቀባዩ ፊርማ፦ ሃ/አለቃ ተክለጊዮርጊስ

ከፊርማ በኋላ በምስክሯ ጥያቄ የተጨመረ፦ ሃምሳ አለቃው ቃሌን ለጣቢያው አዛዥ አሳይተው ተመልሰው፣ አበራ በእኔ ዋስትና ዛሬውኑ እንዲወጣ መፈቀዱን ነግረውኛል፤ መቀነቴንም ተረክቤ እዚሁ ታጥቄዋለሁ። ገመዱን ለጣቢያው ትቻለሁ። እንግዲህ በቀድሞው ሰዓት የመጀመሪያው የገበያ ጉዞ ስለሆነ የሌሞ ሰው፣ የአንጋጫ ሰው፣ ይህን የጻፉት ሃምሳ አለቃም፣ አቶ ወልደሰንበትም በቅሏቸውን ትተው፣ ሁሉም መናኸሪያው ይምጣልን። አበራ ሦስት ጊዜ ክላክስ ይነፋል። ቀኑ ማክሰኞ ጥቅምት 18 ነው።