ጉበቴ የመሰከረልኝ ዕለት

በመኪና ቡና ጭኜ ከጨለለቅቱ ከተማ ዲላ በምመላለስበት ጊዜ ሆዴ ውሃ ቋጠረና ተነፋ፤ ደም ስሮቹም ከላዩ ተገታትረው ወጡ። ሰፈሩ «ሹፌር አይደል፣ ተደብቆ እየጠጣ ጉበቱን ጨርሶ ነው» አለ። ሰላት የማያጓድለው አባቴም አመናቸውና ከእኔ ጋር መነጋገር ተወ። እኔ ግን መጠጥ ቀምሼ ስለማላውቅ አልፈራሁም። «አባባ፣ አዲስ አበባ ሆድ ውስጥ የሚያሳይ መሣሪያ አለ አሉ፤ አብረን እንሂድና ሐኪሙ የሚለውን በጆሮህ ስማ» አልኩት። ያኔ ያለ ይለፍ ከአገር አገር አይኬድምና፣ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥተን ሄድን።

ሐኪሙ ሆዴን ቀዝቃዛ ቅባት ቀብቶ አልትራሳውንዱን እያንሸራተተ ብዙ ቆየ። አባቴ አላስችል ብሎት «ዶክተር፣ መጠጥ ነው አይደል?» ሲል ጠየቀ። «አይደለም አባት» አለው ሐኪሙ፣ ስክሪኑን እያሳየው። «ከጉበቱ ደም የሚያወጡት ስሮች ተዘግተዋል። ደሙ መውጫ ሲያጣ በጎን ባሉ ትንንሽ ስሮች መተላለፊያ አበጅቷል፤ እነዚህ ጠመዝማዛዎቹ እነሱ ናቸው። ይሄ የመጠጥ ሥራ አይደለም። መድኃኒት እንጀምርለታለን።» መድኃኒቱ ሆዴን አጉድሎልኝ ኋላ ወደ መኪናዬ ተመለስኩ። ያን ዕለት ግን አባቴ የትከሻውን ፎጣ አወረደና ሆዴ ላይ የቀረውን ቅባት ይጠርግልኝ ጀመር። ነርሷ ልታግዘው ስትጠጋ፣ «ተይው፣ ልጄን እኔው አጸዳዋለሁ» አላት።